በችግረኛ ቤት የገባ ተመራማሪ

እንግዳ ወደ ድኻ ቤት በገባ ጊዜ ባለቤቲቱ አስቀድማ የምታስበው ስለ መቀመጫው ነው። በርጩማውን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ልጆቹን ወደ ጓዳ ትሸኛለች፤ ያላት እንደ ሆነ ቡና ታፈላለች። እንግዳው መዝገብና እርሳስ ይዞ የመጣ እንደ ሆነ ግን አክብሮቷ ከፍርሃት ጋር ይደባለቃል። ስንት ወለድሽ፥ ስንቱ ሞተብሽ፥ ማታ ምን በላችሁ፥ ባልሽ ይመታሻል ወይ እያለ ቢጠይቃት ትመልስለታለች። የምትመልሰው ግን ፈቅዳ ነውን? ወይስ እንቢ ማለት እንደምትችል የነገራት ሰው ስለሌለ ነው?

ጥያቄው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት የተማሪ ቤት ክርክር ይመስላል። ዳሩ ግን በ20ኛው መቶ ዓመት ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ በማለፋቸው ምክንያት በዕውቀት የታወቁ ሐኪሞች በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎችንና ቤተሰቦቻቸውን 40 ዓመት ሙሉ ሊታከም ከሚችል በሽታ ጋር ትተዋቸዋል። የዚህን ነገር ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ የፈለግነው ወደ ሰው ቤት እየገቡ የሚጠይቁና የሚመዘግቡ ወጣቶች በአገራችንም ብዙዎች ስለ ሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናመለክታለን።

ነገሩ የተፈጸመው በአሜሪካ፥ በአላባማ ክፍለ አገር፥ ሜከን በሚባለው አውራጃ ነው። የአውራጃው ዋና ከተማ ተስኪጊ ናት። ይህች ከተማ ቡከር ዋሽንግተን የተባሉት የጥቁሮች መሪ በ1881 ዓ.ም. ባቋቋሙት ተማሪ ቤት ስሟ በዓለም የታወቀ ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለችም፤ በ1935 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመራው፥ በኋላም በ1954 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት በአዲስ አበባ የሞተው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የዚያ ተማሪ ቤት ልጅ ነበረ። እርሱ ስለ እኛ ነጻነት በሰማይ ሲበር፥ በተማረበት ከተማ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች ምን እየተደረገባቸው እንደ ነበረ ሳያውቁ ደማቸውን እየሰጡ ነበር።

የሜከን አውራጃ ጥቁሮች የሚበዙቱ በሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ። ዘሩን፥ በቅሎውንና የእለት እህሉን ከባለ መሬቱ በዱቤ ይወስዳሉ፤ መከሩ ሲደርስ ሒሳቡ ይታሰብና አብዛኛውን ጊዜ ዕዳው ከምርቱ በልጦ ይገኛል። ሐኪም ለማየት ገንዘብ የላቸውም። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። በ1930 ዓ.ም. ገደማ ሮዘንዋልድ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከመንግሥቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ በደቡብ በሚገኙ ስድስት አውራጃዎች የቂጥኝ በሽታ ምርመራና ሕክምና ጀመረ፤ በሜከንም ከተመረመሩት ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በሽታው ተገኘበት። ወዲያው ግን የዓለም የገንዘብ ችግር ስለ በረታ ድርጅቱ እጁን ሰበሰበ፤ ሕክምናውም ቆመ።

እንግዲህ ክፉው ሐሳብ የበቀለው በዚህ ክፍተት ነው። ክፉ ብንለውም ያሰቡት ሰዎች ክፉ ነገር እናስባለን ብለው አልተነሡም። ለማከም ገንዘብ ከጠፋ ቢያንስ እናጥና አሉ። በሽታው ሳይታከም ቢቀር በጥቁር ሰው አካል ላይ ምን ያደርጋል የሚለውን ለማወቅ ስድስት ወር ወይም ስምንት ወር ይበቃናል ብለው በ1932 ዓ.ም. ጀመሩት። 399 የታመሙ ሰዎችና ለማነጻጸሪያ የሚሆኑ 201 ያልታመሙ፥ በድምሩ 600 ወንዶች ተመዘገቡ። ከታመሙት ለአንዱም የበሽታው ስም በትክክል አልተነገረውም። የተነገራቸው «መጥፎ ደም» አለባችሁ የሚል ብቻ ነበር፤ ይህም በዚያ አገር ባላገር ዘንድ ድካምንም፥ የደም ማነስንም፥ ቂጥኝንም አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚጠራ ቃል ነው። በእኛም አገር ሽማግሌዎች «ደሙ ተበላሽቷል» ሲሉ እንሰማለንና የቃሉ ስፋት ለአንባቢ አይጠፋውም። ሰፊ ቃል ለሚያታልል ሰው እጅግ ይመቸዋል።

ስምምነት የሚባለው ነገር እንዴት ያለ እንደ ነበረ ለመረዳት የ1933ቱን ዓ.ም. የደብዳቤ ነገር ማንሣት ይበቃል። ሐኪሞቹ በሽታው ወደ አንጎል መድረስ አለመድረሱን ለማወቅ ከአከርካሪ አጥንት መካከል በረጅም መርፌ ፈሳሽ መቅዳት ፈለጉ። ሥራው ያማል፤ ብዙ ቀን ራስን ያዞራል፤ ለበሽተኛው ግን ምንም የሚያስገኝለት ጥቅም የለም። ስለዚህ ለሰዎቹ የተላከው ደብዳቤ ምርመራውን በነጻ የሚሰጥ ልዩ ሕክምና ነው ብሎ ጠራው፤ ዕድሉም የመጨረሻ መሆኑን አስታወቀ። ሰዎቹ በሰዓቱ ተገኙ። ሕክምና ተነፍጎት ለኖረ ሰው «የመጨረሻ ዕድል» የሚል ወረቀት ሲደርሰው የሚያደርገውን አደረጉ። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ፈቃደኞች ነበሩ ተብሎ ለብዙ ዓመታት በሕክምና መጽሔቶች ተጻፈ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን የቀብሩ ነገር ነው። ለጥናቱ የሚፈለገው የመጨረሻ ማስረጃ ሬሳ ተከፍቶ ሲመረመር የሚገኘው ነበር። ከጥናቱ መሪዎች አንዱ በ1933 ዓ.ም. ለባልደረባው በጻፈው ደብዳቤ ሰዎቹ እስኪሞቱ ድረስ በእነርሱ ላይ ሌላ ጉዳይ እንደሌላቸው ሳይሸሽግ ተናግሯል። ዳሩ ግን የሟች ቤተሰብ የወገኑን ሬሳ ለቢላዋ አሳልፎ እንዲሰጥ ምን ያደርገዋል? መልሱን አገኙት። ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ሚልባንክ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሬሳው እንዲመረመር ለፈቀደ ቤተሰብ ለቀብር ወጪ መጀመሪያ ላይ 50 ዶላር እንዲከፈል ገንዘብ ሰጠ። እድር ባለበት አገር ላደገ ሰው የዚህን ነገር ጉልበት ማስረዳት አያሻም። ሕይወቱን በሙሉ ተዋርዶ የኖረ ድኻ ቢያንስ በሞቱ ቀን በክብር መሸኘት ይፈልጋል፤ ሚስቱም ሳጥኑን፥ መቃብር ቆፋሪውን፥ ለቀስተኛውን ታስባለች። በ20 ዓመት ውስጥ ስለ ሬሳ ምርመራ ከተጠየቁት ከ140 በላይ ከሚሆኑት ቤተሰቦች እንቢ ያለው አንድ ብቻ ነበር። ይህን ቍጥር ባለ ጥናቶቹ የመልካም ግንኙነት ምልክት አድርገው አቀረቡት። እኛ ግን የምናነበው የድኽነት ልክ መለኪያ አድርገን ነው።

ቤተሰቦቹን እየዞሩ ፈቃድ የሚያገኙት ሐኪሞቹ አልነበሩም። ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩት በተስኪጊ የተማሩት ጥቁር አስታማሚ ዩኒስ ሪቨርስ ናቸው። እርሳቸው ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ ሰዎቹን በመኪና እያመላለሱ፥ የቤታቸውን ችግር እየሰሙ፥ ሲታመሙ እየጠየቁ፥ ሲሞቱም ከቤተሰቡ ጋር እያዘኑ ኖሩ። የመንግሥት መኪና ላይ ተቀምጦ በከተማው መካከል ማለፍ ለአንድ ጭሰኛ ትልቅ ክብር ነበርና ሰዎቹ የምርመራውን ቀን እንደ በዓል ይጠብቁት ነበር፤ ትኩስ ምሳም ይበሉበት ነበር። ሪቨርስ በ1958 ዓ.ም. ለአገልግሎታቸው ከመንግሥት ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ለሰዎቹም የምስክር ወረቀትና ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ዶላር ታስቦ 25 ዶላር ተሰጣቸው።

ስለዚህች ሴት ፍርድ መስጠት ቀላል አይደለም፤ ቀላል ነው የሚሉትን ጸሐፊዎችም አንወዳቸውም። ጥቁር ሴት የነጭ ሐኪሞችን ትእዛዝ በማትጥስበት አገር ኖረዋል። ሰዎቹን በእውነት ይወዷቸው እንደ ነበረ፥ ሌላ ማንም ያላደረገላቸውን እንክብካቤ እንዳደረጉላቸው ሰዎቹ ራሳቸው መስክረዋል። ነገር ግን ያ ፍቅር ባይኖር ኖሮ ጥናቱ አንድ ዓመት እንኳ ባልቆየ ነበር። ተንኰሉ ወደ ቤት የገባው በእርሳቸው ደግነት ተጠቅልሎ ነው። በችግረኛ ቤተሰብ ዘንድ ለሚሠራ ሰው ሁሉ ከዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚከብደው ክፍል ይህ ይመስለናል፤ ጨካኝ ሰው ከደጅ ይመለሳልና።

በ1932 ዓ.ም. የነበረው የቂጥኝ መድኃኒት ከአርሴኒክና ከቢስመዝ የሚሠራ፥ ከአንድ ዓመት በላይ የሚወሰድ፥ ራሱም የሚጎዳ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ሰው «በዚያን ጊዜ ባይታከሙ ምን ቀረባቸው» ብሎ ይከራከር ይሆናል። ይህ ክርክር ለሐኪሞቹ የጊዜው ሕግ ሁሉም በሽተኛ ይታከም የሚል ስለ ነበረ መጀመሪያውኑ ደካማ ነው፤ በ1940ዎቹ ዓመታት ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ ይወድቃል። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚፈውስ ታወቀ፤ በ1947 ዓ.ም. ገደማም መድኃኒቱ በአገሩ ሁሉ የተለመደ ሆነ። ለሜከን ሰዎች ግን አልተሰጣቸውም። አለመስጠት ብቻም አይደለም፤ እንዳያገኙት ዘብ ተቆመባቸው። ለአውራጃው ሐኪሞች የስማቸው ዝርዝር ተሰጥቶ እንዳያክሟቸው ተነገረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደርነት ተመርጠው በደም ምርመራ በሽታቸው የተገለጠባቸውንም ሳይቀር መልማዩ ቦርድ ከሕክምና ትእዛዝ ነጻ እንዲያደርጋቸው ስማቸው ተላለፈ። መንግሥት በአንድ እጁ ሕዝቡን ከቂጥኝ ለማዳን በሰፊው ሲዘምት በሌላው እጁ እነዚህን ከመድኃኒቱ ያርቅ ነበር።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ወንዶቹ ነው። ጥናቱም የሚያውቀው ወንዶቹን ብቻ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ሚስት ነበሯቸው፤ ልጆች ይወልዱ ነበር። ቂጥኝ ከባል ወደ ሚስት፥ ከእናት ወደ ጽንስ የሚተላለፍ መሆኑን ከማንም ይልቅ ሐኪሞቹ ያውቃሉ። በሽታው ከቆየ በኋላ አይተላለፍም በሚል ምክንያት ሚስቶቹን ጠርቶ መመርመር አስፈላጊ ሆኖ አልታያቸውም። አንዲት ሴት ልጇ ሲጨነግፍባት ወይም ዓይኑ ታሞ ሲወለድ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ወይም የእኔ ኃጢአት ነው ብላ አልቅሳ ይሆናል፤ ምክንያቱ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ተጽፎ እንደ ተቀመጠ አታውቅም። ቤተሰብ በዚያ ጥናት ውስጥ የሚታወቀው ሬሳ ለማስረከብ በሚፈርምበት ቀን ብቻ ነበር።

ነገሩ በምስጢር አልተሠራም። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ውጤቱ በየጊዜው በሕክምና መጽሔቶች ሲታተም ኖሯል። በ1947 ዓ.ም. በኑረንበርግ የናዚ ሐኪሞች ሲፈረድባቸው ያለ ሰው ፈቃድ በሰው ላይ ምርመራ ማድረግ ወንጀል መሆኑ በግልጥ ተጽፏል፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪን መግለጫ አውጥቷል። በሜከን ያሉት ሐኪሞች ግን ይህ ለናዚዎች እንጂ ለእኛ የተጻፈ ነው ብለው አላሰቡም። በ1965 ዓ.ም. ኧርዊን ሻትስ የተባለ ወጣት ሐኪም ከመጽሔቶቹ አንዱን አንብቦ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ ሳይሰጠው ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ቀረ። በዚያው ጊዜ ገደማ በሳን ፍራንሲስኮ የጤና አገልግሎቱ ሠራተኛ የሆነው ፒተር ባክስተን ነገሩን ከባልደረቦቹ ሰምቶ በ1966 ዓ.ም. ለአለቆቹ ጻፈ። ወደ አትላንታ ተጠርቶ ተገሠጸ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ጻፈ። በ1969 ዓ.ም. ጉዳዩን የሚመለከት ስብሰባ ተደርጎ ጥናቱ ይቀጥል ተባለ። በስብሰባው ላይ አንድም ጥቁር ሰው አልነበረም።

ባክስተን በመጨረሻ ነገሩን ለጋዜጠኞች ሰጠ፤ በሐምሌ ወር 1972 ዓ.ም. ጂን ሄለር የተባለች የአሶሲዬትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ ጽሑፍ ታትሞ ወጣ። በዚያ ጊዜ ከታመሙት መካከል በሕይወት የቀሩት 74 ነበሩ። ጥናቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ቆመ። ጠበቃው ፍሬድ ግሬይ ክስ መሥርቶ በ1974 ዓ.ም. መንግሥት 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፍል ስምምነት ተደረገ፤ በሕይወት ላለ በሽተኛ 37,500 ዶላር፥ ለሞተ በሽተኛ ወራሾች 15,000 ዶላር ደረሳቸው። ሚስቶች፥ መበለቶችና ልጆች በነጻ ሕክምናው ውስጥ የተጨመሩት በ1975 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ጥናቱ ከተጀመረ በ43ኛው ዓመት መሆኑ ነው። ከዚሁ ቅሌት የተነሣ በ1974 ዓ.ም. በአሜሪካ የምርምር ሕግ ወጣ፤ በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ቤልመንት የሚባለው ሪፖርት ሰውን ማክበር፥ በጎ ማድረግና ፍትሕ የሚሉትን ሦስት መሠረቶች አቆመ። ዛሬ በብዙ አገር ተመራማሪ ከመነሣቱ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚያስፈቅደው በዚህ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ አንባቢ ሆይ፥ ጉዳት ሁሉ በመርፌና በመድኃኒት የሚመጣ አይምሰልህ። የሜክሲኮው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። አሜሪካዊው ኦስካር ሉዊስ በሜክሲኮ ከተማ በድኾች ሠፈር የሚኖሩትን አንድ አባትና አራት ልጆቹን እያንዳንዳቸውን ለብቻ እያስነገረ ድምፃቸውን በመቅረጫ ይዞ «የሳንቼዝ ልጆች» የተባለውን መጽሐፍ በ1961 ዓ.ም. አሳተመ። ሰዎቹን አልበደላቸውም፤ ይወዳቸው ነበር፤ ስማቸውንም ለውጦ ጽፏል። መጽሐፉ በ1964 ዓ.ም. በስፓኝ ቋንቋ ሲታተም ግን በአገሩ ታላቅ ቍጣ ተነሣ፤ በ1965 ዓ.ም. መጀመሪያ የሜክሲኮ የጂኦግራፊና የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሐፉ ጸያፍና አገርን የሚሰድብ ነው ብሎ ከሰሰ። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አልተቀበለውም። ጋዜጠኞች ግን እውነተኛው ቤተሰብ የት ነው እያሉ ሠፈሩን ማሰስ ጀመሩ። ወንድም ስለ እኅቱ፥ ልጅ ስለ አባቱ በልዩ ክፍል የተናገረው ሁሉ ታትሞ በእጅ ገብቷልና የተለወጠ ስም ለጎረቤት መጋረጃ አይሆንም። ስለ ራሱ ለመናገር የፈቀደ ሰው ስለ እናቱም ለመናገር ፈቃድ አለውን? ይህን እስከ ዛሬ አጥብቆ የመለሰ ሰው አላየንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ሕፃናትን ለብዙ ዓመታት ተከትሎ የሚያጠናው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ሥራ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ በ20 ቦታዎች 3,000 ልጆችን መዝግቧል። በሚያወጣቸው ጽሑፎች የልጆቹም የቦታዎቹም ስም የተለወጠ ነው፤ ይህ የሜክሲኮው ትምህርት ያስገኘው ጥንቃቄ ነው ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ግን ተመራማሪ ተመልሶ በሚመጣበት ቤት ሁሉ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ከቅጽ ላይ ልናጠፋው አንችልም።

እኛም በወጣትነታችን መጠይቅ ተሸክመን በአንድ ገጠር ቀበሌ ዞረን ነበር። የላከን መሥሪያ ቤት የፈቃድ ወረቀት አስፈርሙ አለን። ፊርማ ማለት በዚያ አገር የግብር፥ የዕዳና የመሬት ነገር ነው፤ አውራ ጣቷን በቀለም ነክረን ያስፈረምናት እናት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሷን ለመጠበቅ የተዘጋጀው ወረቀት አስፈራራት። ከእኛ ጋር የመጣው የቀበሌው ሰው በደጅ ቆሟልና እንቢ ለማለት እንደምትችል ብንነግራትም አላመነችንም። ጥያቄውን ጨርሰን ስንነሣ «ጌቶቼ፥ ይህን ሁሉ ከነገርኳችሁ በኋላ ለዚህ ልጅ ምን ታደርጉለታላችሁ?» አለችን። ልጁ በአጠገቧ ተኝቶ ነበር፤ እግሩ ያበጠ፥ ፀጉሩ የሳሳ ነው። በመጠይቁ ላይ የልጁን ክብደት የምንሞላበት ቦታ ነበረ፤ ሌላ ነገር የምናደርግበት ቦታ አልነበረውም። አለቃችን ብትረዱ ውጤቱ ይበላሻል ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። በአካባቢው ጤና ጣቢያ እንዳለ ነግረናት ሄድን። ጤና ጣቢያው የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ እንደምታውቀው ፊቷ ይነግረን ነበር። ኋላ ስለ ሜከን ባነበብን ጊዜ አስታማሚ ሪቨርስን ለመፍረድ ያመነታነው ስለዚህ ነው።

በግንቦት ወር 1997 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ክሊንተን የቀሩትን ጥቂት ሽማግሌዎች ወደ ቤተ መንግሥታቸው ጠርተው በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ከሰዎቹ የመጨረሻው በ2004 ዓ.ም. ሞተ፤ የነጻ ሕክምናውን ታገኝ የነበረችው የመጨረሻዋ መበለት ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ሞተች። ለሬሳው ምርመራ ይከፍል የነበረው የሚልባንክ ድርጅት ነገሩን ለማመን ከሁሉ የዘገየው ሆነ። በሰኔ ወር 2022 ዓ.ም. የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ወደ ተስኪጊ ሄደው በሟቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ፊት ቆመው ይቅርታ ለመኑ፤ ድርጅቱም ልጆቹ በአባቶቻቸው ስም ላቋቋሙት ማኅበር ገንዘብ ሰጠ። ከተሰበሰቡት መካከል ብዙዎቹ ያ የቀብር ገንዘብ ወደ ቤታቸው በገባ ጊዜ ገና አልተወለዱም ነበር።